ጋሽ ዘርጋ እና የማዶው ጌም ቤት

የጋሽ ዘርጋን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አንዱ ጎረምሳ ጎል አግብቶ ወንበሬ ላይ ቆሞ ሲዘል "ውረድ አንተ! ወንበሩን አባትህ ነው የገዛው?" እያልኩ ስጮህበት፣ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ጥሩወርቅ ከመንገዱ ማዶ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ "ሰናይት፣ ጋሽ ዘርጋ አረፉ" አለችኝ።

ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ሌላ ቀን ቢሆን "ጨዋታው አላለቀም እኮ!" ብለው ቤቱን በጩኸት ያፈርሱት ነበር። ያን ቀን ግን ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ ወጡ። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ግራ ገብቶት "ተፎካካሪሽ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ነበሩ። ለዚያውም ፊት ለፊቴ የከፈቱ ተፎካካሪ ነበሩ። እንደሳቸው ያለ ተፎካካሪ ገጥሞት የማያውቅ ነጋዴ ግን ያሳዝነኛል።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ ጌም ቤት አለኝ፤ አፍም አለኝ። ሴት ሆኖ ጌም ቤት ለሚከፍት ሰው አፍ ያስፈልጋል። ማሽኖቼ አዳዲስ ናቸው። ኳስ ሲጫወቱባቸው የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። ማሽኖቹን የሚሠሩት የውጭ ካምፓኒዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚፎካከሩ ልጆቹ ሲከራከሩ በየቀኑ እሰማለሁ። አንዱ አዲስ ሲያወጣ ሌላው "የእኔ ሥዕል ይበልጥ ይጠራል፣ የእኔ ይበልጥ ይፈጥናል" ይላል። እኔም በአቅሜ ያንኑ ሩጫ ስሮጥ ነበር። ከታች ያለው ጌም ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ሲያስገባ እኔ ከሱ የሚበልጥ አስገባለሁ፤ እሱ የቆዳ ወንበር ሲያመጣ እኔም አመጣለሁ። ሁላችንም የምንሻማው ግን ያንኑ የሰፈር ጎረምሳ ነው።

ከካምፓኒዎቹ አንዱ፣ ልጆቹ እንደሚሉት፣ ድሮ ከዚህ ሩጫ ወጥቶ ነበር አሉ። ጌም ነክቶ ለማያውቅ ሰው የሚሆን ማሽን ሠራ። ሥዕሉ የሕፃን ልጅ ሥዕል ይመስላል፣ ቁልፍ አይበዛበትም። ሪሞት የመሰለች ነገር በማሰሪያ እጅ ላይ አጥልቆ ክንድን ማወዛወዝ ነው። በዚያ አገር ባልቴቶች ሳይቀሩ ተጫውተውበታል ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅኩ። እኛ ሰፈር ያንን ማሽን የሚገዛ ጤነኛ ሰው አይኖርም አልኩ።

ጋሽ ዘርጋ ገዙት። ለዚያውም ዘመኑ አልፎበት፣ ከውጭ የመጣ ሰው ጥሎት ከሄደ በኋላ።

ጋሽ ዘርጋ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኮልፌ ገበያ ጫማ የሸጡ ሰው ናቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ አጠር ያሉ፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ሲያገኟችሁ መጀመሪያ የሚያዩት ፊታችሁን ሳይሆን እግራችሁን ነው። እኔን ገና የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ "ጫማሽ ጠቦሻል፤ ለዚያ ነው የምትቆጪው" ነበር። ጠቦኝም ነበር፣ እቆጣም ነበር። ሰውን ሁሉ "ደንበኛ" ብለው ይጠራሉ። መንገድ ላይ የተጋፋቸውን ወያላ እንኳን "ቀስ በል እንጂ ደንበኛ" ይሉታል።

ሱቃቸውን ለልጃቸው ለፍቅሩ አስረክበው፣ ፍቅሩም ንግዱን ዓለም ባንክ ወደሚባለው ሰፈር ካዛወረ በኋላ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ተከራዩ። ጌም ቤት ሊከፍቱ ነው ሲባል ተሻግሬ ሄጄ በአፌ ልሸኛቸው ተነሳሁ።

"ጋሽ ዘርጋ፣ በዚህ ማሽን እኔን ሊፎካከሩኝ ነው?"

"አንቺን? ለምን ብዬ? የአንቺን ደንበኛ አልፈልገውም እኮ" አሉኝ፣ እግሬን እያዩ።

"ታዲያ የማንን ነው የሚፈልጉት?"

"ወደዚህ ዝር የማይለውን። አየሽ ሰናይት፣ ገበያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚይዘው አርባ አንድና አርባ ሁለት ቁጥር ነው። እኔ ሠላሳ አምስትና አርባ ስድስት እይዝ ነበር። እግሩ አርባ ስድስት የሆነ ሰው ጫማ አጥቶ ሲንከራተት ይኖራል። አንዴ ካገኘኝ ግን ከአምቦ ድረስ ይመጣል። ሌላ ቤት አይሄድም፤ የት ይሄዳል?"

እሺ ይሁን፣ ክረምቱን አይሻገሩም ብዬ ተመለስኩ። ተሳስቼ ነበር።

መጀመሪያ ያደረጉት መጋረጃውን ማውለቅ ነው። ጌም ቤት ሁሉ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ አለው። ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያርፍ ነው እንላለን፤ እውነቱን ለመናገር እናቶች ልጃቸውን እንዳያዩብን ነው። ጋሽ ዘርጋ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ቀጥለው ከደጁ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። ጉልት የሚውሉት ሴቶች ፀሐይ ሲበረታ እዚያ ይቀመጣሉ፣ ተቀምጠው ወደ ውስጥ ያያሉ። ውስጥ ጋሽ ዘርጋ ብቻቸውን ሪሞቷን እጃቸው ላይ አስረው ኳስ ያንከባልላሉ። ጨዋታው ቦውሊንግ ነው፤ ኳስ አንከባሎ መጨረሻ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙስ የመሰሉ ነገሮች መጣል። ሽማግሌው ሆን ብለው ይስታሉ። ስተው "ወይ ጣጣ! ይቺን ማን በመታልኝ?" ይላሉ። አንድ ቀን ጥሩወርቅ አላስችል ብሏት ሽንኩርቷን ትታ ገባች። ሁሉንም ባንዴ ጣለችና እልል አለች። እኔ ከቤቴ ደጅ ሆኜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ማን ቀረ ትላላችሁ? ልብስ ሰፊዋ አስካለ መጣች። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሁለት ሴቶች መጡ። ጡረታ የወጡ ሹፌር መጡ። ከሰዓት በኋላ ወንድሞቻቸው እኔ ጋ ሲመጡ የሚቀሩት ሴት ልጆች መጡ። የእኔ አንድ ጎረምሳ እንኳን አልጎደለም፤ ሰውየው ቃላቸውን ጠብቀዋል። ግን ሳቁ ያለው ማዶ ነው። እኔ ቤት ስድብ ነው፣ ጩኸት ነው፣ "ፋውል ነው፣ አይደለም" ነው። ማዶ እልልታ ነው። ይሄ ደግሞ ያናድዳል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ጋሽ ዘርጋን የማልረሳቸው በሷ ነውና።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ ቤት ዘግታ ተቀምጣለች። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አትሄድም፤ እዚያም ሄዳ ቀጥ ብላ ነው የምትመለሰው። ዓመቱ ወጥቶ፣ ተዝካሩ ተደግሶ፣ የዕድሩ ሴቶች መጥተው "ብርቄ፣ በቃ ጥቁሩን አውልቂ" ብለው ቢለምኗት "ተዉኝ" ብላ አለፈች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ትውላለች። ምሳ ሳቀርብላት ሁለት ጉርሻ በልታ "ጠገብኩ" ትላለች። ያቺ ገበያ ወጥታ ሦስት ነጋዴ አስለቅሳ የምትመለስ ሴት፣ ድምጿ እስኪጠፋብኝ ድረስ ዝም አለች። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ፈራሁ። እናቴን ቁጭ ባለችበት ልቀብራት ነው ብዬ ፈራሁ፤ በግልጽ ነው የምናገረው። ያልሞከርኩት የለም። ዘመድ ጠራሁ፣ ጠበል አልኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። እኔ ቤት መጥታ እንድትቀመጥ ብለምናት "እዚያ ጩኸት ቤት? እግዚአብሔር ያሳይሽ" አለችኝ።

ጋሽ ዘርጋ አባቴን ያውቁት ነበርና አንዳንዴ ይጠይቁናል። ግን እሳቸውም ቢሆኑ "ኧረ እትዬ ብርቄ፣ አንድ ቀን ብቅ ይበሉ" ብለው እሺ አላገኙም። አንድ ቀን ከቤታችን ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው "እናትሽ አርባ ስድስት ቁጥር ናት" አሉኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ልኳ አልተገኘም ማለት ነው" ብለው ሄዱ።

ልኳን ያገኙት በጠብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ማሽን የተሠራው ሰው ሲገባ ሰው በማይነሳበት አገር ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ከገባ ብድግ ይባላል፣ ጎንበስ ተብሎ እጅ ይነሳል። ሴቶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሪሞቷን ጨብጠው፣ ቁልፏን ተጭነው ለመወርወር ሲያነጣጥሩ ድንገት ሽማግሌ ብቅ ይላል። ብድግ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸው ይወዛወዛል፣ ጣታቸው ይላላል። ማሽኑ ወረወሩ ብሎ ኳሷን ይለቃታል። ኳሷም ምንም ሳትጥል ከመስመሩ ጎን ያለው ጉድባ ትገባለች። በቀን ስንቴ! ጋሽ ዘርጋ "ማሽኑ ጨዋ አይደለም" እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ጥሩወርቅና አስካለ እልህ ተጋቡ። ውጤታቸው እኩል ነው፣ ለአስካለ አንድ ውርወራ ቀርቷታል። ልክ ክንዷን ስታነሳ የዕድሩ ዳኛ አባባ ወልዴ "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ገቡ። አስካለ እጅ ነሳች። ኳሷ ጉድባ ገባች።

"አይቆጠርም!" አለች አስካለ።

"ማሽኑ ቆጥሮታል" አለች ጥሩወርቅ።

"አባባን ተቀምጬ ልቀበላቸው ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ቆጥሮታል!"

ከዚህ ተነስተው የት የት ደረሱ መሰላችሁ። ከዓመታት በፊት አንዷ ከሌላዋ የተዋሰችው ወንፊት ሳይቀር ተነሳ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታ አቋረጡ፤ በአንድ ግቢ በር እየወጡ እየገቡ ፊት ይዟዟራሉ። ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፣ ማዶም እልልታው ጠፋ። አልዋሽም፤ የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዘርጋ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም።

"እትዬ ብርቄ፣ ለራሴ ጉዳይ አይደለም የመጣሁት። ሁለት ሰው ተጣልቶብኛል" አሏት።

እማዬ ፊቷን ከግድግዳው መለስ አደረገች። "እነማን?"

"ጥሩወርቅና አስካለ።"

"ምነው! እነሱ እኮ አንድ ቤት ናቸው!"

"እንግዲህ ይመልከቱት። ሁለቱም እርስዎን ያከብራሉ። እርስዎ ካልዳኙ ሌላ የሚሰሙት ሰው የለም። አልመጣም ካሉም መብትዎ ነው፤ ተቀያይመው ይቀራሉ።"

እናቴን ድግስ ብትጠሯት አትመጣም። ለሕክምና ብትጠሯት አትመጣም። እርቅ ተብላ ተጠርታ እምቢ የምትል ኮልፌ ውስጥ ያደገች ሴት ግን የለችም። ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ቤቴን ለአንዱ ጎረምሳ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው፤ ገንዘቡን ቢበላውም ይብላው።

ማዶ ሁሉም ተሰብስቧል። ጥሩወርቅ በአንድ በኩል፣ አስካለ በሌላ በኩል፤ እማዬ በመሐል። ሁለቱንም አዳመጠች። ካዳመጠች በኋላ "አልገባኝም" አለች። "ሰው ሳይወረውር ኳስ እንዴት ይወረወራል? እስቲ አሳዩኝ።" አሳዩዋት። "አሁንም አልገባኝም። እኔ ልያዘው።"

ጋሽ ዘርጋ ወንበር ሰጥተዋት ማሰሪያውን እጇ ላይ አሰሩላት። ቁልፏን እንዴት እንደምትጫን አሳዩዋትና "እኔ እንግዲህ እንደ አባባ ወልዴ ሆኜ ልግባ" ብለው ወጡ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ ድምፃቸውን አወፍረው "እንደምን ዋላችሁ!" እያሉ ገቡ።

እማዬ ማስመሰል መሆኑን ረሳች። ብድግ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይግቡ" አለች። ኳሷ ጉድባ ገባች።

እማዬ ቴሌቪዥኑን አየች፣ እጇን አየች፣ ጋሽ ዘርጋን አየች።

"እኔ መቼ ወረወርኩ?"

"ይኸው! ይኸው እኔም ያልኩት!" ብላ ጮኸች አስካለ።

ከዚያ እናቴ ሳቀች። ከአባቴ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ድምጿ ወጣ፣ ቀጥሎ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ጥሩወርቅም ጠቧን ረስታ ሳቀች። እኔ ግን ወጥቼ ከአንዱ ታክሲ ጀርባ ተደግፌ አለቀስኩ። ወያላው "እመቤት፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" ቢለኝ "ዝም በል፣ ተነስቶልኝ ነው" አልኩት።

ስመለስ እየፈረደች ነበር። "ለሰው ብሎ የተነሳ ሰው አይቀጣም። አስካለ ትድገም። አንቺም ጥሩወርቅ፣ ጎረቤትሽን ትተሽ ማሽን ምስክር አታድርጊ። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባ ሰው ከደጅ ሆኖ 'ቤቶች' ይበል፤ የሚወረውረው ሰው ሲጨርስ ይግባ። ተሳሳሙ።" ተሳሳሙ። ውርወራው ለማግስቱ ተቀጠረና እማዬ "መጥቼ ሲደገም አያለሁ" አለች። ጋሽ ዘርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ዳኛ ፍርዱ ሲፈጸም ሳያይ አይቀርም፤ ይህን ነበር የምጠብቀው" አሉኝ።

በማግስቱ ሄደች። በሌላውም ቀን የሚዳኝ ነገር አልጠፋም፣ ሄደች። ሰፈሩ ውስጥ እሷን የሚያሸንፍ ጠፋ። አንድ ጠዋት ነጭ ነጠላ ለብሳ ስትወጣ አየኋትና እንዳላየሁ ሆኜ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ፤ ብናገር የምትመለስ መስሎኝ ነበር። የእኔ ቤት ጎረምሶች ደግሞ አላሳርፍ አሉኝ። "ሰኒ፣ ማዘር ዛሬ ስንት ጣሉ? እውነት እናትሽ ለሌላ ቡድን ፈረሙ?" ይሉኛል። አንድ ቀን ተናድጄ ተሻገርኩና "ጋሽ ዘርጋ፣ የሰው ደንበኛ አልነካም ብለውኝ አልነበር? እናቴንስ?" አልኳቸው።

"አንቺ ጋ መጥታ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እና ምኑን ነጠቅኩሽ?" አሉኝ። ከዚያ እግሬን አዩና "ይሄኛው ጫማ ልክሽ ነው" አሉ። ተመልሼ ወደ ጎረምሶቼ ተሻገርኩ።

ሕመማቸው አልቆየም። እሑድ ተኙ፣ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው መንገዱ ላይ ቆመ። ዓለም ባንክ ያሉ ነጋዴዎች መጡ፣ ትልልቅ እግር ያላቸው የማናውቃቸው ሰዎች ከየት ከየት መጡ። እማዬ ጥቁሯን አውጥታ ለበሰች። ለቅሶ ነው፣ ሁሉም ለብሷል፣ እኔም ለብሻለሁ። ግን ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሳ እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ማታ ስገባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ምሳዋ ሳይነካ ተቀምጧል። ጋሽ ዘርጋ የከፈቱልኝን በር ጋሽ ዘርጋ ይዘውት ሄዱ ብዬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ፣ የለችም። ወደ ማዞሪያው ሮጥኩ። የጋሽ ዘርጋ ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ሴቶቹ ቆመዋል፤ ጥሩወርቅ፣ አስካለ፣ አስተማሪዎቹ፣ ሁሉም። እማዬ ከፊት ናት። ፊት ለፊቷ የጋሽ ዘርጋ ልጅ ፍቅሩ የተዘጋውን በር ቁልፍ በእጁ ይዞ ቆሟል። ቤቱን ዘግቶ፣ ማሽኑን ሸጦ፣ ክፍሉን ሊያስረክብ ነው የመጣው።

"እማማ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ" ይላታል። "የአባቴ አርባ እንኳን ሳይወጣ እዚህ ቤት እልልታ ከተሰማ ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰውማ እኛ ነን" አለችው እናቴ። ያ ገበያ የሚያስለቅሰው ድምጿ ነበር። "ይኸው ቆመናል። የምንልህም ክፈት ነው።"

"እማማ፣ ቢያንስ ለአባቴ ክብር..."

"ስማኝ ልጄ። እኔ ባሌን ሳጣ ቤቴን ዘግቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳይ ኖሬያለሁ። እዚያ ውስጥ ባሌን አላገኘሁትም። አባትህንም ዘግተህ አታገኘውም። ክፈተው።"

ፍቅሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ምን እላለሁ? ተፎካካሪ ነኝ።

"ክፈትላት" አልኩት። ከፈተ።